ዐፄ ቴዎድሮስና የሙያዎች ቅንጅት፤ ከጋፋት እቶን እስከ ጋይንት መንገድ

በግንባታ ሥራ የተሰማራ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሥራን ከሚያበላሹት ምክንያቶች ዋነኛው የባለሙያ አለማወቅ ሳይሆን በአንዱ ባለሙያና በሌላው መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። አንድ አሮጌ ቤት ሲታደስ ግንበኛው ግድግዳውን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ለሳኙ አስተካክሎ ይለስነዋል፤ ቀለም ቀቢውም ያሳምረዋል። ከዚያ በኋላ የቧንቧ ሠራተኛው መሮና መዶሻውን ይዞ ይመጣና የተዋበውን ግድግዳ ይሰረስራል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛውም በተራው ቧንቧው ባለፈበት ላይ ይመታል። እያንዳንዱ ለየራሱ ሙያ ታማኝ ነው፤ ማንም ሰው አላጠፋም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ለአንድ ግድግዳ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይከፍላል።

ይህ ችግር የዘመናችን ብቻ አይደለም። በአገራችን ታሪክ ውስጥ ልዩ ልዩ ሙያዎችን ለአንድ ዓላማ ለማሰለፍ ከተደረጉት ጥረቶች ሁሉ እጅግ ደፋሩና እጅግ አሳዛኙ የተፈጸመው በበጌምድር ምድር፣ በደብረ ታቦር፣ በጋፋትና ወደ ምሥራቅ በሚዘልቀው የጋይንት መንገድ ላይ ነበር። የሥራውም ባለቤት ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ ነበሩ። ስለ እኚህ ንጉሠ ነገሥት ብዙ ተጽፏል፤ ጦረኛነታቸው፣ አንድነት ፈላጊነታቸው፣ ቁጣቸውና አሟሟታቸው በየትምህርት ቤቱ ይተረካል። በዚህ ጽሑፍ ግን ሕይወታቸውን ከሌላ አቅጣጫ፣ ይኸውም ቀጥቃጩን፣ አናጢውን፣ ግንበኛውን፣ መንገድ ጠራጊውንና ስንቅ አቅራቢውን በአንድ ገመድ ለማሰር የሞከሩ የሥራ መሪ እንደ መሆናቸው እንመለከተዋለን። የሙያ ባልደረቦቻችን ከዚህ ታሪክ የሚያገኙት ትምህርት ከማንኛውም የሥራ አመራር መጽሐፍ የሚያንስ አይሆንም ብለን እናምናለን።

ከቋራ እስከ ደረስጌ

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ አውራጃ ሻርጌ በተባለው ስፍራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ ከቋራ ባላባቶች ወገን ሲሆን፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ከባሏ ሞት በኋላ ተቸግራ በጎንደር ከተማ ኮሶ በመሸጥ ልጇን አሳደገች ይባላል። ይህ የኮሶ ሻጭ ልጅነት በኋላ በጠላቶቹ አፍ የስድብ መሣሪያ ሆነ። በዘልማድ እንደሚተረከውም ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣለሁ ብሎ በፎከረ ጊዜ፣ ካሣ በጦርነት ማርኮት ኮሶ አጠጥቶ ቀጣው። ታሪኩ የሚያስቅ ቢመስልም ከሥሩ አንድ ቁም ነገር አለ። ሠርቶ መብላት ነውር በሆነበት አገር ያደገ ልጅ የሥራ ንቀት ምን ያህል እንደሚመር በራሱ ላይ ቀምሶታል።

ካሣ በሽፍትነት ከዚያም በአማችነት ወደ ራስ አሊ ቤት ቀርቦ፣ የራስ አሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን አገባ። ሆኖም ለኋለኛው ዓላማው ወሳኝ የሆነው ጋብቻውም ሆነ ሹመቱ ሳይሆን በመጋቢት 1840 ዓ.ም. በደባርቂ ላይ የደረሰበት ሽንፈት ነበር። በምዕራቡ ድንበር የነበረውን የግብፅ ጦር ለመውጋት ወርዶ፣ ቁጥሩ አነስተኛ የሆነ ነገር ግን መድፍ የታጠቀና በሥርዓት የሠለጠነ ኃይል ጀግኖቹን ረፈረፈበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድፍረት ብቻውን እንደማይበቃ ተገነዘበ። መድፍ የሚባለውም ነገር ብቻውን የቆመ ዕቃ እንዳልሆነ፣ ከኋላው ብረት አቅላጩ፣ ባሩድ ቀማሚው፣ ጋሪ ሠሪውና ሥርዓት ያለው ወታደር ተሰልፈው እንደሚገኙ የተረዳ ይመስላል። የኋላ ሕይወቱ ሁሉ ይህን ሰልፍ በገዛ አገሩ ለማቆም የተደረገ ትግል ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ከዚህ በኋላ ያለው የድል ዘመን በሰፊው የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል ራስ አሊን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደግሞ በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈ። በዚያው ወር ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀቡ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ውቤ ነበሩ፤ በሥራውም የውጭ አገር ባለሙያዎች እጅ ነበረበት። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ያሰናዱት አዳራሽ ለባላንጣቸው ዘውድ መጫኛ ሆነ። ግንበኛው የጨረሰውን ቤት ማን እንደሚገባበት ግንበኛው አይወስንም።

የተናቁት እጆች

ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ጊዜ በአገሪቱ ባለሙያ አልጠፋም ነበር። ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ቆዳ የሚያለፋ፣ ሸማ የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚጠርብ በየቀየው ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በጎንደር ነገሥታት ዘመን በኖራ የታሰሩ ግንቦችና ድልድዮች ተሠርተዋል። በእስቴ በኩል ወደ ሞጣ የሚያሻግረው፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የሚባለው በዓባይ ላይ ያለው የድንጋይ ቅስት የዚያ ሙያ ምስክር ነው። ኖራ አቃጣዩ፣ ድንጋይ ጠራቢው፣ የቅስቱን ደጋፊ እንጨት የሚያቆመው አናጢና ከወንዙ ወቅት ጋር ሥራውን የሚያስማማው መሪ ባይቀናጁ ኖሮ ያ ቅስት አንድ ክረምት አያድርም ነበር። በዘመነ መሳፍንት ግን ይህ ሰንሰለት ተበጣጠሰ። ሙያው በየግለሰቡ እጅ ቢቀርም የሚያገናኘው ጠፋ።

ከዚህም የከፋው የንቀት ጉዳይ ነበር። ቀጥቃጩ ቡዳ ይባላል፤ ሸክላ ሠሪዋ ትፈራለች፤ የቤተ እስራኤል ወገን የሆኑት ቀጥቃጮችና ግንበኞች ሥራቸው እየተፈለገ ሰውነታቸው ይገፋል። ወታደሩ ገበሬውን፣ ገበሬውም ባለ እጁን ይንቃል። በዚህ ሁኔታ ሙያዎችን ማቀናጀት ማለት የሥራ ቅደም ተከተል ማውጣት ብቻ አልነበረም፤ አንድ ማዕድ የማይቀርቡ ሰዎችን በአንድ ሥራ ላይ ማቆም ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ግድግዳ ለማፍረስ የመረጡት ዘዴ በጣም ቀላልና በጣም ብርቱ ነበር። እርሳቸው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ድንጋይ ያነሡ ጀመር። ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኙ መንገዶች እንዲጠረጉ ባዘዙ ጊዜ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከማለዳ ጀምረው በገዛ እጃቸው ሲቆፍሩና ሲጠርጉ ያዩ የውጭ አገር ሰዎች በመደነቅ መስክረዋል። ንጉሡ ድንጋይ ሲሸከም መኳንንቱ እጃቸውን አጣጥፈው ሊቆሙ አይችሉም፤ መኳንንቱ ሲሠሩ ወታደሩ ሥራ ነውር ነው ሊል አይችልም። ባለሙያን መስደብ በአዋጅ የተከለከለው ከብዙ ዘመን በኋላ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ጊዜ በ1900 ዓ.ም. ቢሆንም፣ የአዋጁ መንፈስ የተጀመረው በደብረ ታቦር አቧራ ውስጥ ነው ለማለት ይቻላል።

ጋፋት

ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊስ አገር ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የተላኩ የእጅ ሙያና የወንጌል ትምህርት ያላቸው ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየርና ኪንስለን ቀዳሚዎቹ ሲሆኑ፣ ቴዎፊል ቫልድማየርና ሳልሙለር በኋላ ተከተሏቸው። የላኳቸው ሰዎች ዓላማ ስብከት ነበር፤ የተቀበሏቸው ንጉሥ ዓላማ ግን ሙያ ነበር። ከእነርሱም ጋር ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሃል፣ ፈረንሳዊው መሣሪያ ሠሪ ቡርጎ እና ቀድሞ በደጃዝማች ውቤ ቤት የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ ዛንደር በተለያየ ጊዜ ተጨመሩ። ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ በጋፋት ኮረብታ ላይ መንደር ተሰጣቸው። በዚያም የብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች ተቋቋሙ፤ ኢትዮጵያውያን ልጆችም ሙያ ይማሩ ዘንድ ገቡ።

መጀመሪያ የታዘዙት መንገድና ጋሪ ነበር። ቀጥሎ መድፍ ታዘዙ። እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ መድፍ ማቅለጥ በሕይወታቸው አይተው አያውቁም ነበር፤ እንደማይችሉም ተናገሩ። ንጉሡም እሺ እስኪሉ ድረስ አሽከሮቻቸውን አሠሩባቸው። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። አንድ የሥራ መሪ ባለሙያውን ከሙያው ውጭ ሲያዝዘው ሁለት ነገር ሊከተል ይችላል፤ ወይ ሥራው ይበላሻል፣ ወይ ባለሙያው አዲስ ሙያ ይማራል። በጋፋት ሁለቱም ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች እቶኑ ሙቀቱን ሊችል አልቻለም፤ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ቀረ። ቀስ በቀስ ግን በትናንሽ መድፎች ጀምረው ከፍ ወዳለው ተሸጋገሩ፤ ንጉሡም በውጤቱ እጅግ ተደሰቱ።

የነሐስ መድፍ ማቅለጥ የቅንጅት ፈተና ዋነኛው ምሳሌ መሆኑን የብረታ ብረት ባለሙያ የሆኑ አባሎቻችን ያውቃሉ። የእቶኑ ጡብ እሳት የሚችል ካልሆነ መዳቡ ሳይቀልጥ ጡቡ ይቀልጣል፤ ስለዚህ መድፍ ሠሪው የሸክላ ሠሪው ጥገኛ ነው። ከሰሉ በቂና ጥሩ ካልሆነ ሙቀቱ አይደርስም፤ ስለዚህ የከሰል አክሳዩ ጥገኛ ነው። ወናፉ ቢደክም የቀለጠው ይረጋል፤ ስለዚህ የቆዳ ፋቂውና የወናፍ ነፊው ጥገኛ ነው። ማፍሰሻው ቅርጽ ጥቂት እርጥበት ቢኖርበት የጋለው ነሐስ እርጥበቱን በቅጽበት ወደ እንፋሎት ለውጦ ሁሉን ያፈነዳዋል። ከሁሉም በላይ ብዙ ኩንታል የሚመዝን ዕቃ በአንድ ጊዜ መፍሰስ ስላለበት፣ ሁሉም ነገር በአንዲት ሰዓት ዝግጁ መሆን አለበት። አንዱ እስኪደርስ ሌላው ይጠብቅ ማለት በዚህ ሥራ ላይ አይሠራም። ይህን ሁሉ ስሙ በታሪክ ባልተመዘገበ ቀጥቃጭና ወናፍ ነፊ ጉልበት ጋፋት ፈጽማዋለች።

ሥራው የደረሰበት ከፍተኛ ደረጃ በ1859 ዓ.ም. የተቀለጠው ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ነው። ስሙ በክሪምያ ጦርነት ከታወቀችው የሩስያ ከተማ የተወሰደ ነበር። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ገደማ ይገመታል። ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይገኛል፤ አምሳያውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

የጥያቄና የመልስ መዘግየት

ዐፄ ቴዎድሮስ የጋፋት ሰዎች እንደማይበቁ ያውቁ ነበር። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወዳጅነትን ጠየቁ። ደብዳቤው በለንደን መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ መልስ ተቀመጠ። በዚህም ተቆጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ካሜሮንን አሠሩ። በኋላ መልስ ይዞ ራሳም ሲመጣ ነገሩ ለጊዜው ለዘብ ቢልም፣ በ1858 ዓ.ም. ፍላድን ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩ። የእንግሊዝ መንግሥት ባለሙያዎችን ቀጥሮ ከመሣሪያዎች ጋር እስከ ምጽዋ አደረሰ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ ግን ወደ ደጋ አትወጡም ተባሉ። ንጉሡ ደግሞ ባለሙያዎቹ ካልመጡ እስረኞቹን አልፈታም አሉ። ባለሙያዎቹም በምጽዋ ሙቀት ከጠበቁ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በሁለቱም ወገን እኔ የምጀምረው አንተ ስትጨርስ ነው የሚል አቋም በተያዘበት ስፍራ ሥራው እንደማይጀመር ሁላችንም በየሥራ ቦታችን አይተናል። የዚህኛው ዋጋ ግን የአንድ ግድግዳ መዘግየት አልነበረም፤ የአንድ ዘውድ መውደቅ ነበር።

የማይቋረጥ ሰንሰለት

በዚህ ጊዜ አገሩ ከእጃቸው እየወጣ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ገቡ፤ በላስታ ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ፤ ትግሬም ከዳ። በኅዳር 1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን አቃጠሉ፤ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘረፉ። በጌምድርም ከዚያ ወዲህ ጠላታቸው ሆነ። ገበሬው እህሉን ቀበረ፤ ወታደሩ በየሌሊቱ ከዳ። የጋፋት ባለሙያዎችም በጥርጣሬ ንብረታቸው ተወስዶ በጥበቃ ሥር ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። በዚህ ሁሉ መካከል ንጉሡ አንድ ውሳኔ ወሰኑ። ደብረ ታቦርን ለቅቀው መድፎቹን ሁሉ ይዘው ወደ መቅደላ ለመሄድ ተነሡ።

ውሳኔው ከተወሰደ በኋላ ያለው ነገር እንደ ሒሳብ ሥራ ደረጃ በደረጃ ይከተላል። የመድፉ ክብደት የጋሪውን ጥንካሬ ወሰነ። የጋሪው ስፋት የመንገዱን ስፋትና የዳገቱን ልክ ወሰነ። የመንገዱ ስፋትና ልክ የሚያስፈልገውን የሰው ጉልበት ወሰነ። የሰው ጉልበቱ የሚያስፈልገውን ስንቅ ወሰነ። ስንቁ ደግሞ በገበሬው ጎተራ ላይ ተንጠለጠለ። ሰንሰለቱ ከእቶኑ ጀምሮ እስከ ማረሻው ድረስ አንድ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀለበቶች በሚያስደንቅ ብልሃት አያያዙ፤ አምስተኛውን ግን በጉልበት ለመጎተት ሞከሩ፤ እርሱም ተበጠሰ።

በጋይንት በኩል

በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። የወቅቱ አመራረጥ ትክክል ነበር። ጭቃው ሳይደርቅ ቢነሡ ጋሪው ይሰምጣል፤ ቢዘገዩ ደግሞ የሚቀጥለው ዝናብ በሽሎን ሳይሻገሩ ይይዛቸዋል። የጉና ተራራን በስተደቡባቸው ትተው፣ በዛሬው ላይ ጋይንት ምድር ወደ ጨጨሆ አቀኑ። ዛሬ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ወልድያ የሚሄድ መንገደኛ በመኪና በጥቂት ሰዓት የሚያልፈው ይህ መስመር፣ በዚያን ጊዜ ለበቅሎ እንጂ ለመንኮራኩር ፈጽሞ ያልታሰበ ነበር።

ሥራው የሚካሄደው እንደሚከተለው ነበር። የመንገድ ጠራጊው ቡድን ከፊት ይቀድማል፤ ዛፍ ይቆርጣል፣ ቋጥኝ ያንከባልላል፣ ገደሉን ይቆርሳል፣ ጎድጓዳውን ይሞላል። ከኋላው ጋሪዎቹ ይከተላሉ። ሴባስቶፖልን ብቻ ለመጎተት 500 ያህል ሰው በጠፍር ገመድ ይታሰር ነበር። በዳገት ላይ ሁሉም ወደ ፊት ይጎትታል፤ በቁልቁለት ላይ ደግሞ ያው ሰው ወደ ኋላ ተንፏቆ መድፉ እንዳያመልጥ ይይዘዋል። መንኮራኩር ሲሰበር የጋፋት አናጢዎችና ቀጥቃጮች እዚያው መንገድ ላይ ይጠግናሉ። ከሠራዊቱ ጋር እስረኞች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ባልቴቶች ይጓዛሉ። አንዳንድ ቀን ሰፈሩ የሚራመደው እጅግ ጥቂት ርቀት ነበር። ንጉሡም ከሁሉ ፊት ድንጋይ ሲያነሡ፣ ከሁሉ በኋላ ሲያርፉ ይታዩ ነበር።

ጨጨሆ ዳገት ላይ ሥራው እጅግ ከበደ። በጌምድር አልቆ የዋድላ ደጋ የሚጀምርበት ይህ በር ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ በቤተ ሖር በኩል ወደ ዥጣ ገደል መውረድ፣ ወደ ደላንታ መውጣት፣ እንደገና ወደ በሽሎ መውረድ ነበረባቸው። የዥጣ ገደል ጥልቀት ወደ አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ነው። በዚህ ገደል ወገብ ላይ የተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ያለ መሣሪያ፣ ያለ መለኪያ፣ በረኃብ በተዳከመ ሰው እጅ የተሠራ ቢሆንም፣ ጥቂት ቆይቶ የደረሰው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች አይተው አደነቁት፤ በእርሱም ላይ ተጓዙ። ንጉሡ ለመድፋቸው ያበጁት መንገድ ለጠላታቸው ማለፊያ ሆነ።

አሁን ወደ አምስተኛው ቀለበት እንመለስ። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ የዚያ መንገድ ባለቤት ሊሆን ይችል ነበር። መንገዱ እህሉን ወደ ገበያ የሚያደርስለት፣ ጨውና ጥጥ የሚያመጣለት መሆኑ ቢነገረውና ለስንቁም ዋጋ ቢከፈለው ኖሮ፣ ምናልባት ሌላ ታሪክ ይጻፍ ነበር። ይሁንና በበጌምድር መንደሮች ተቃጥለው፣ ከብት ተነድቶ፣ ጎተራ ተገልብጦ ነበር። ስለሆነም ገበሬው መንገዱን እንደ ጠላት ጅራፍ አየው። ወታደሩ ደግሞ መንገድ ሲሠራ እህል ፍለጋ መሄድ አይችልም፤ እህል ፍለጋ ሲሄድ መንገድ መሥራት አይችልም። የሄደውም ብዙውን ጊዜ አይመለስም። በየቀኑ መንገዱ ሲረዝም ሠራዊቱ አጠረ። በአንድ ወቅት እጅግ ብዙ የነበረው ጦር መቅደላ ሲደርስ ጥቂት ሺህ ቀርቶ ነበር።

ሌላም ጉድለት ነበረ። የሥራዎቹ መገናኛ ሁሉ በንጉሡ ራስ ውስጥ ብቻ ነበር። ጋሪ ሠሪው ከመንገድ ጠራጊው ጋር የሚነጋገረው በንጉሡ በኩል፣ መንገድ ጠራጊው ከስንቅ አቅራቢው ጋር የሚነጋገረው በንጉሡ በኩል ነው። ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ይባሉ የነበሩት የቅርብ አማካሪያቸው ጆን ቤል በ1853 ዓ.ም. ሞተዋል፤ እቴጌ ተዋበች ከዚያ አስቀድማ በ1850 ዓ.ም. አርፋለች። ከእነርሱ ወዲህ ነገሩ ስሕተት ነው ብሎ ሊናገር የሚደፍር ሰው እየታጣ ሄደ። ፍርሃት ባለበት ሥራ ላይ መንኮራኩሩ መሰንጠቁን ቀድሞ የሚያይ ሰው ይኖራል፤ ቀድሞ የሚናገር ግን አይኖርም።

በወዲያኛው ወገን

የቅንጅት ችግር የእኛ ብቻ እንዳልነበረ ለመረዳት በዚያው ጊዜ በዙላ ወደብ የሆነውን መመልከት ይበቃል። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው ጦር ወደ 13,000 ወታደር፣ ከዚያም የሚበልጥ ተከታይ፣ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር የጭነት ከብትና 44 ዝሆኖች ይዞ ነበር። ሆኖም በ1860 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በቅሎዎቹ ከየአገሩ ተገዝተው ሲራገፉ፣ ውኃው፣ ገመዱና በቅሎ ጠባቂው ገና አልተሰናዳም ነበር። ብዙ በቅሎ በውኃ ጥም በባሕር ዳር አለቀ። ገዢው ክፍል ሥራውን ፈጽሟል፤ መርከቡም አድርሷል፤ ተቀባዩ ግን አልነበረም።

ልዩነቱ ከዚያ በኋላ በተደረገው ላይ ነው። ጨዋማውን ውኃ የሚያጣሩ መርከቦች ቆሙ፤ የመራገፊያ ድልድይ ተዘረጋ፤ ወደ ተራራው ግርጌ የሚወስድ አጭር የባቡር ሐዲድ ተሠራ፤ ከመንገዱ ሕዝብ ስንቅ በብር ተገዛ። የማርያ ቴሬዛ ብር ሣጥን ሣጥን ይዞ የመጣ ጦር ገበሬውን የሰንሰለቱ አንድ ቀለበት አደረገው። እንግሊዞች ከዙላ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዙት በጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ ለገብስና ለገለባ በሚከፈል ብር ጭምር ነበር። በአገሩ ላይ የነገሠው ንጉሥ በአገሩ ሕዝብ ያጣውን መተባበር እንግዳው በገንዘብ ገዛው። ይህን ማንበብ ለማንኛውም ኢትዮጵያዊ የሚመር ነው፤ እውነት ግን ነው።

መቅደላ

ንጉሡ በመጋቢት 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ግድም ከስድስት ወር ያህል ጉዞ በኋላ መድፎቻቸውን መቅደላ አደረሱ። እንደ ምሕንድስና ሥራ ከተመለከትነው ይህ ድል ነው፤ ያ ሁሉ ክብደት ያ ሁሉ ገደል ተሻግሯል። እንደ ጦርነት ከተመለከትነው ግን የድሉ ፍሬ ገና ሳይቀመስ ረግፏል። በዋዜማው ብዙ እስረኞች ከገደል ተጥለው ተገደሉ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ፣ ከታላላቆቹ መድፎች አንዱ ገና በመጀመሪያ ተኩሱ ፈነዳ። መድፉ ተሠርቶ ነበር፤ መንገዱ ተሠርቶ ነበር፤ መድፉን በልኩ አጉርሶ የሚተኩስ የሠለጠነ ተኳሽ ግን በሰንሰለቱ ውስጥ አልገባም ነበር። ደባርቂ ላይ የታየው ነገር ከ20 ዓመት በኋላ አሮጌ ላይ ተደገመ። ፊታውራሪ ገብርዬና ብዙ ጀግኖች በሮኬትና በጠመንጃ ፊት ወደቁ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን፣ አምባው ሲሰበር ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ። እንግሊዞች መቅደላን አቃጥለው፣ መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን ዘርፈው፣ ሕፃኑን ልዑል ዓለማየሁን ይዘው ሄዱ። የጋፋት ባለሙያዎችም ከጦሩ ጋር ከአገር ወጡ። ቫልድማየር በኋላ በሊባኖስ ተራራ ትምህርት ቤትና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በማቋቋም ስመ ጥር ሆነ። ጋፋት ግን ባዶዋን ቀረች። በዚያ የተማሩት ወጣቶች እንደገና ቡዳ ወደሚባሉበት መንደር ተመለሱ። የሥራ ቤቱ በንጉሡ ፈቃድ ላይ እንጂ በራሱ ሥርዓት ላይ አልቆመም ነበርና፣ ንጉሡ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ።

ለዛሬው ባለሙያ

ከዚህ ሕይወት ውስጥ ለሙያችን የሚጠቅሙ ጥቂት ቁም ነገሮችን ለይቶ ማውጣት ይቻላል።

አንደኛ፣ የሥራ መሪ ወደ ሥራው ቦታ ወርዶ እጁን ማቆሸሹ በብዙ ትእዛዝ የማይገኝ መተባበርን ያስገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ድንጋይ ባነሡባቸው ዓመታት የተሠራው መንገድ፣ በጅራፍ ብቻ ሊሠራ የሚችል አልነበረም። ሆኖም አርአያነት ቅርጽ ያለውን አሠራር አይተካም። መሪው በሁሉም ቦታ መገኘት አይችልምና፣ ግንበኛው ከቧንቧ ሠራተኛው ጋር ያለ መሪው በቀጥታ የሚነጋገርበት መንገድ ሊኖር ይገባል።

ሁለተኛ፣ የሥራው ቅደም ተከተል የሚወጣው ከመጨረሻው ተጠቃሚ ተነሥቶ ወደ ኋላ እንጂ ከመጀመሪያው ባለሙያ ተነሥቶ ወደ ፊት አይደለም። ሴባስቶፖል ከመቅለጡ በፊት ማን ይተኩሰዋል፣ በምን ይጓጓዛል፣ ተሸካሚውን ማን ያበላዋል የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሊያገኙ ይገባ ነበር። ዛሬም ቤት ሲታደስ የውኃና የመብራት መስመር በወረቀት ላይ ሳይሰመር ግድግዳ የሚለስን ሰው፣ ተኳሽ ሳያዘጋጅ መድፍ እንደሚያቀልጥ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ ከባለሙያዎች ዝርዝር ውስጥ የሚረሳው ሁልጊዜ ኑሮው ሥራው በሚሠራበት ቦታ የሆነው ሰው ነው። በጋይንት መንገድ ላይ የተረሳው ገበሬው ነበር። በቤት እድሳት ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እዚያው አቧራና መዶሻ ውስጥ ወጥ የምትሠራው የቤት እመቤትና የሚያጠናው ልጅ ነው። ያልተጠየቀ ሰው አይተባበርም፤ ያልተባበረ ሰው ባለበት ሥራም ጸንቶ አይቆምም።

አራተኛና የመጨረሻው፣ እውነት መናገር የማይቻልበት የሥራ ቦታ ውሎ አድሮ ይፈነዳል። ባለሙያው አልችልም ሲል አሽከሩ ከታሰረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ባይችልም እችላለሁ ይላል። ከዚያ በኋላ መድፉ ሲፈነዳ ማንን እንጠይቃለን?

ዐፄ ቴዎድሮስ ከዘመናቸው የቀደሙ ሰው ነበሩ ሲባል እንሰማለን። በእርግጥ ዓላማቸው ከዘመናቸው ቀድሞ ነበር። ዓላማን ከፍጻሜ የሚያገናኘው ድልድይ ግን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ አይቆምም። ብዙ ድንጋዮች እርስ በርስ ተደጋግፈው የሚያቆሙት ቅስት ነው። በቅስት ውስጥ ደግሞ ከመካከለኛው ቁልፍ ድንጋይ በቀር ሌላው ሁሉ ቢጎድል ምንም አይደለም የሚል ግንበኛ እስካሁን አልተወለደም።